በለቅሶ ላይ ያልሁት

ሰኔ ፳ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የወልደ ሐዋርያት ነው። ባለፈው ፋሲካ ከገበያ አምጥቶ «እማ፣ ፊደል አስቆጥሪኝ» ብሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ እኔ ሀ ሁ ሂ ብዬ ጻፍሁለት። በሁለተኛው ገጽ ላይ እሱ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ታንኳውና እንጨቱ ጊዜ አልሰጡትም። ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ የምጽፈው እኔ እናቱ ማንጠግቦሽ ነኝ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልወለዱ ዳዊት ያስደገሙት እኔን ነው። ማንበብ አይቸግረኝም፤ ስጽፍ ግን እጄ ቀርፋፋ ነው። የነፍስ አባቴ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ «ለሰው የማትነግሪውን ለወረቀት ንገሪ፣ አለዚያ ያንቅሻል» አሉኝ። ስለዚህ ይኸው።

ልጄ ከሞተ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ። በሰኔ ሚካኤል ዕለት ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመለስ፣ አባይ ከጣና ከሚወጣበት አጠገብ፣ ታንኳ ከሚሠራበት ረጅም የውሃ ሣር፣ ከደንገሉ ውስጥ ተተኮሰበት። ዝናብ ነበር። ልጄ በታንኳው ያሻገረው አንድ የጣሊያን ምሽግ ወታደር የሰጠውን ካፖርት ደርቦ ነበር። ደንገሉ ውስጥ ያደፈጡት አርበኞች የጣሊያን ወታደር መሰላቸው። የተኮሰው አለኸኝ የሚባል የማዶ ሰው ነው። ቀርቦ ፊቱን ሲያይ ራሱን ይዞ ጮኸ ይላል ሬሳውን ያመጣልን ጎረቤታችን ዳውድ። ዳውድ ዓሣ አጥማጅና ታንኳ ሠሪ እስላም ነው። በደንገሉ ውስጥ ያለውን የውሃ መንገድ ለሁለቱም ልጆቼ ያስተማራቸው እሱ ነው።

ለሟች እስከ አርባ ቀኑ ዳዊት እደግማለሁ። ሰኞ በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያው፣ ከብፁዕ ብእሲ ይጀመራል። ዛሬ ጀመርሁ። አፌ አነበበ፤ ልቤ ግን አብሮ አልነበረም።

ሰኔ ፳፪

የባሌ እኅት የሺአረግ መጣች። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታስባለች።

«እቴ ማንጠግቦሽ፣ በቀብሩ ዕለት ያልሽውን አገር ሁሉ ይዞታል» አለችኝ። «ዘጌ ድረስ ሴቱ ይለዋል አሉ።»

ሙሾ አውጪ አይደለሁም። ሬሳው ፊት ቆሜ ሳለሁ ከየት እንደ መጣ ሳላውቀው ወጣልኝ። ምን ልዋሽ፣ የሺአረግ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ለልጄ የሚገባውን ቃል ሰጠሁት አልሁ።

ታናሹ መርስዔ ኀዘን ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አላለቀሰም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወንድ ሆነ አልሁ በሆዴ።

ሰኔ ፳፭፣ ቅዳሜ

ገበያ ወጣሁ። ጌሾ የምትሸጥ አንዲት ሴት እኔን ሳታይ ለጓደኛዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ታዜምላታለች፦

ሁለት ወንድ ወልጄ አንዱ አፈር ቢለብስ፣
አንዱ ምነው ዋለ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ።

የእኔ ቃል ነው። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ጌሾውን ሳልገዛ ተመለስሁ።

ኋላ ዳውድ እንደ ነገረኝ፣ መርስዔ በዚያው ገበያ እንጨት ተሸክሞ ሲያልፍ አንዱ ሥራ ፈት «አንት ልጅ፣ ዛሬም ቁጭ ብለህ ልትውል ነው?» አለው። ሰው ሳቀ። መርስዔ ሸክሙን መሬት ላይ አውርዶ፣ እዚያው ጥሎት ሄደ። እንጨቱን ዳውድ አመጣልን። ልጁ የገባው ሲመሽ ነው። የት ነበርህ አላልሁትም። ማለት ነበረብኝ።

ሰኔ ፳፯፣ ሰኞ

የምሽጉ ቱርጁማን፣ የእኛን ቋንቋ ለጣሊያኖቹ የሚተረጉመው ሰው፣ ከደጃችን መጣ። ጥሩ ጫማ አለው። ለተዝካሩ ሰው ለመሰብሰብ ከምሽጉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ «እኔ አወጣላችኋለሁ፣ አታስቡ እናቴ» አለኝ። ከዚያ መርስዔን ጠርቶ ሁለቱ በሐይቁ ዳር ወዲያና ወዲህ እያሉ ብዙ አወሩ። የሚያወራው እሱ ነው፤ ልጄ ይሰማል።

ዳዊቱን ስደግም የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምሁ። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን።» በክፉዎች ምክር ያልሄደ ሰው የተመሰገነ ነው ማለት ነው። ይኸው ክፉው፣ ጫማ ያደረገው፣ አልሁ። ልጄን ከእሱ ጠብቅልኝ ብዬ ጸለይሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በጥድፊያ አነበብሁት።

ሰኔ ፴

ዝናብ። ጣሪያው በሁለት በኩል ያፈሳል። መርስዔ ለእራት አልመጣም። አደይ፣ የወልደ ሐዋርያት ሚስት፣ ድርሻውን ከድና አስቀመጠችለት። ጠዋትም እንደ ተከደነ ነው።

ሐምሌ ፬፣ ሰኞ

እንደገና ብፁዕ ብእሲ። ዛሬ ቀስ ብዬ አነበብሁ። «ዘኢሖረ፣ ወዘኢቆመ፣ ወዘኢነበረ።» ያልሄደ፣ ያልቆመ፣ ያልተቀመጠ። አባቴ ልጅ ሳለሁ ጣታቸውን በእነዚህ ሦስት ቃላት ላይ አስቀምጠው የሆነ ነገር ነግረውኝ ነበር። ረስቼዋለሁ። ያን ጊዜ ሐሳቤ ውጪ ከሚጫወቱት ልጆች ጋር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከውሃ ስመለስ መርስዔን ከምሽጉ በር አየሁት። ባለፈው ሳምንት ከቱርጁማኑ ጋር ይሄድ ነበር። ዛሬ ቆሟል። እንስራውን ይዤ ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየሁ አላውቅም፤ ትከሻዬ ደነዘዘ።

ሐምሌ ፭

ጾሙ ተፈታ። ማንም የጾም መፍቻ አላሰኘውም። የሺአረግ ከመርስዔ ጎን ተቀምጣ «የወንድምህ ደም በሐይቁ ላይ እየተንሳፈፈ አንተ ዓሣ ትበላለህ?» አለችው። ልጁ እጁን አነሳ።

አደይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ዛሬ ተናገረች። «ባሌ በስሕተት ሞተ። ወንድሙ ዐውቆ ይሙት? የባሌ ስም ለጣሊያን መንገድ መጥረጊያ ሲሆን ቁጭ ብዬ አላይም።»

«አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ነገ ሌላ ታገቢያለሽ» አለቻት የሺአረግ።

አደይ ተነሥታ ወጣች። እኔ ለማናቸውም አልፈረድሁም። ምንቸቱን አጥብ ነበር።

ሐምሌ ፱

ዳውድ ደጁ ላይ ቆሞ አስጠራኝ። ወደ ውስጥ ግባ አልሁት፣ እምቢ አለ፤ እግሩ ጭቃ ነው።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እዚህ አገር ደንገሉን በጨለማ የሚያቋርጥ ሦስት ሰው ነበር። አንዱ ሞተ። ሁለት ቀረን፣ እኔና መርስዔ። ቱርጁማኑ መጀመሪያ የመጣው እኔ ዘንድ ነው።»

«ምን አልኸው?»

«ታንኳዬ ውሃ ጠጥታለች፣ እስከ መስከረም አትደርቅም አልሁት።» ትንሽ ፈገግ አለ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «መርስዔ ግን እሺ ብሏል። ጠመንጃ ይሰጡታል። ከተዝካሩ ማግስት ንጋት ላይ ወታደሮቹን እየመራ አርበኞቹ ከሚያድሩበት ያደርሳቸዋል። የወንድሜን ተዝካር ሳላወጣ አልሄድም ስላለ ነው የሚጠብቁት።»

«ለአለኸኝ ብሎ ነው።»

«አለኸኝ አንድ ሰው ነው። እዚያ የሚያድረው ሠላሳ ነው። ተኩሱ ከተጀመረ ደግሞ መጀመሪያ የሚመታው ታንኳው ፊት የተቀመጠው ነው።»

መልእክትም ይዞ ነበር። የአለኸኝ እናት ለቅሶ ልትደርሰኝ ትፈልጋለች፣ ግን ፈርታለች። «እንዳትመጣ በላት» አልሁት።

ሐምሌ ፲፩፣ ሰኞ

ዳዊቱን ይዤ ወደ መምሬ ሄድሁ። ዝናብ እንዳይነካው በጉያዬ ሸጉጬው ነበር። ያለ ወትሮዬ አለቀስሁ።

«መምሬ፣ ያ ቱርጁማን በክፉ ምክሩ ልጄን ወሰደብኝ።»

መምሬ መጀመሪያ ሦስቱን ቃላት አስረዱኝ፤ አባቴ ያሉኝም እሱኑ ነበር። ሰው መጀመሪያ በሰማው ምክር ይሄዳል፤ ቀጥሎ መንገዱ ላይ ይቆማል፤ በመጨረሻ ወንበር ይሰጡትና ይቀመጣል። የሚሄደውን መጥራት ይቻላል፤ የተቀመጠውን ግን ማንሣት ከባድ ነው አሉኝ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ቱርጁማኑ ቤትሽ መቼ መጣ?»

«ሰኔ ሃያ ሰባት።»

«ልጁ ማልቀስ የተወውስ?»

ዳዊቱን ከጉያዬ አውጥቼ መደቡ ላይ አኖርሁት።

«ማንጠግቦሽ፣ ሰውየው የመጣው በተጠረገ መንገድ ነው። ማን ጠረገለት?»

እሳት ላይ የተውሁት ነገር አለ ብዬ ተነሣሁ። እሳት ላይ ምንም አልነበረም። ዳዊቱንም እዚያው ረስቼው ልሄድ ነበር።

አሁን ሁሉም ተኝተዋል። የምጽፈው በጭላጭል ነው። ለሰው የማልነግረውን ለወረቀት ልንገር።

በቀብሩ ዕለት መርስዔ አጠገቤ ነበር። ነጠላዬን ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ያዩታል። እኔ አፈርሁበት። ወልደ ሐዋርያት ሞቶ ይሄኛው፣ ልቡ ስስ የሆነው፣ ለምን ቀረ የሚል ሐሳብ በልቤ አለፈ። አዎ፣ አለፈ። ያን ጊዜ ነው ቃሉ የወጣው። ለሟቹ ያወጣሁት ሙሾ አልነበረም፤ በቆመው ልጄ ላይ የወረወርሁት ነበር። ነጠላዬን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ አልነካኝም።

ይህን ልጅ የወለድሁት ሴት ልጄን በቀበርሁ በዓመቱ ነው። ኀዘኔን ያስረሳኝ ብዬ መርስዔ ኀዘን ያልሁት እኔ ነኝ።

ክፉ ምክር የተባለው የእኔ ቃል ነው። ሦስት ሰኞ ሙሉ በሌላ ሰው ላይ ስደግመው ኖርሁ።

ሐምሌ ፲፪

ማድጋው አጠገብ ለብቻው አገኘሁት።

«መርስዔ፣ ያን ቀን ያልሁትን እርሳው።»

«የቱን?»

«ታውቀዋለህ።»

ቅሉን አስቀመጠ። «እማ፣ ያን ቀን ለስንት ሰው ነው የተናገርሽው? አሁን ጓዳ ውስጥ ለእኔ ለብቻዬ እርሳው ትይኛለሽ። ነገ ገበያ ስወጣ ለሰዉ ሁሉ ማን ይነግርልኛል?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ ፲፭

ዳስ መጣል ተጀመረ። ገብሱ ተፈጨ። ፈቃዱ መጣ፤ ከወረቀቱ ላይ ማኅተም አለበት። አደይ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ የመሶቡ ክዳን ሥር አስገባችው።

ልጁ እውነቱን ነው። በአደባባይ ያልሁት በአደባባይ ካልተነሣ አይነሣም። ግን እንዴት? ሰው «የልጇን ደም ረሳች» ይለኛል። የሺአረግ ከቤቴ ትቀራለች። እሱስ ይሁን። ወልደ ሐዋርያትን ሁለተኛ ጊዜ የምቀብረው ይመስለኛል።

ሐምሌ ፲፰፣ ሰኞ

አራት ጊዜ ብፁዕ ብእሲ አልሁ። ሌላውን መዝሙር አልደረስሁበትም።

ሐምሌ ፲፱

መርስዔ ከምሽጉ አዲስ ቀበቶ ታጥቆ መጣ። ጥይት የሚደረደርበት ቀበቶ ነው፤ ገና ባዶ ነው። የሺአረግ እልል አለች። እኔ ጠላ እጠምቅ ነበር፤ ውሃው በእጄ ላይ ፈሰሰ።

ሐምሌ ፳

ቃል ፈለግሁ፤ አልመጣም። ለክፋቱ ጊዜ ሳልፈልገው ነበር የመጣው።

ሐምሌ ፳፩፣ ማርያም

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ፍትሐቱ ተደረሰ፣ ካህናቱ በሉ፣ ሕዝቡ ዳስ ውስጥ ገባ። ዝናቡ ሲያቆም በዳሱ አፍ በኩል ወደ ሐይቁ አየሁ። ከዋርካው ሥር አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ማንም አልተጠጋትም። ዳውድ ከሩቅ በአገጩ ሲያሳየኝ ማን እንደ ሆነች ገባኝ። እንዳትመጣ ብልክባትም መጥታለች። አለኸኝን የወለደች ሴት።

መርስዔ በወንዶቹ በኩል ቀበቶውን እንደ ታጠቀ ተቀምጧል። ቱርጁማኑም ተጠርቷል፤ አጠገቡ ወንበር ተሰጥቶታል። አንድ ባዶ ወንበር ደግሞ ከቱርጁማኑ ጎን አለ። ለመርስዔ ወደ ወንበሩ በእጁ ምልክት ሲሰጠው አየሁ። ልጄ ከመደቡ ለመነሣት እጁን መሬት ላይ አደረገ።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። የሺአረግ «ተዪ፣ ለቅሶው በአርባ አይደገምም» አለችና ቀሚሴን ያዘች። አስለቀቅኋት። በዚያው በቀብሩ ዕለት ዜማ አነሣሁ። ሁሉም የሚያውቀውን ቃል ጠበቀ። መጀመሪያው እሱ ነበር፣ መጨረሻው ግን ሌላ ሆኖ ወጣ፦

ሁለት ወንድ ወልጄ አንዱ አፈር ለበሰ፣
ተመስገን አንደኛው አብሮኝ አለቀሰ።

ያልሰማ እንዳይኖር አንድ ጊዜ ደገምሁት። ከዚያ ዜማውን ትቼ በቃሌ ተናገርሁ። «የዚያን ቀን የተናገርሁት ክፉ ነው። ልጄን አጠፋሁት። ቃሉ የእኔ ነውና ዛሬ በፊታችሁ አነሣሁት። ከዚህ በኋላ ያንን የሚያዜም በልጄ ነፍስ ያዜማል።»

የሺአረግ ፊቷን ሸፈነች። ከወንዶቹ አንዱ አሽሟጠጠ፤ አጠገቡ ያለው ዝም አሰኘው። መምሬ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ፣ ዝግ ብለው።

መርስዔ ተነሥቶ ቆመ። ወንበሩን አላየውም። በሁሉም ሰው ፊት የወንዶቹን መደብ አቋርጦ ወደ ሴቶቹ መጣ፣ እግሬ ሥር ቁጭ አለ፣ ነጠላዬን ያዘና አለቀሰ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። አደይም ከእኛ ጋር። አንድም ሰው አልሳቀም።

ቱርጁማኑ ጽዋውን አስቀምጦ ሄደ።

ሰው ሲበተን ወደ ዋርካው ወጣሁ። ሴትዮዋ እንደ ቆመች ነበር፤ እግሯ በጭቃ ተነክሯል። ከእኔ ታንሳለች መሰለኝ።

«ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል» አልኋት። «ነይ፣ ግቢና ቁጭ በይ።»

ሐምሌ ፳፪

ገና ሳይነጋ ከሐይቁ ዳር ፉጨት ሰማሁ። የመርስዔ መኝታ ባዶ ነበር።

በባዶ እግሬ ሮጥሁ። ቱርጁማኑና ወታደሮች ውሃው ዳር ቆመዋል። መርስዔ በፊታቸው ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ነው። ቀበቶው በወገቡ የለም፤ ከቱርጁማኑ እግር ሥር ድንጋይ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ታንኳዬ ውሃ ጠጥታለች ጌታዬ» ይላል። «ብትጭኗት ትሰጥማለች።»

«መቼ ትደርቃለች?»

«በዚህ ዝናብ? እስከ መስከረም።»

ቱርጁማኑ ወደ ዳውድ ታንኳ ዞረ። ዳውድ ከደጁ ሆኖ ጥርሱን እየፋቀ «የእኔም ያው ናት ጌታዬ» አለው።

«የዚህ አገር ታንኳ ሁሉ ሰካራም ነው?» ብሎ ተሳደበ። ከወታደሮቹ አንዱ ሳቁን አፈነ። ቱርጁማኑ ታንኳዋን በጫማው ረገጣት፤ ውሃው ከደንገሉ ውስጥ ፈልቶ ጫማውን ሞላው። ያለ መሪ ደንገሉ ውስጥ መግባት አልደፈሩም። ቀበቶውን አንሥተው ተመለሱ።

ኋላ ዳውድ ነገረኝ። ልጄ ሌሊቱን ድንጋይ ጭኖባት ታንኳዋን አስጥሟት ነው ያደረው። እስክትጠግብ ድረስ አጠገቧ አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር። ወንድሙ ከሞተ በኋላ የቀረችው ያቺው አንዲት ታንኳ ናት። እሷኑም በገዛ እጁ አሰጠማት።

የሺአረግ ዛሬ አልመጣችም።

ሐምሌ ፳፫

ቱርጁማኑ ቂም ይዞ እንዳይጎዳው ዳውድ መርስዔን ለዓሣና ለደንገል ቆረጣ ወደ ወረታ በኩል፣ ወደ ዘመዶቹ ወሰደው። አደይ ስንቅ ቋጠረችለት። ሲወጣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። «እማ» አለ። ለአንድ ወር ያልበላውን ያህል ጠዋት በልቶ ነው የሄደው፤ ድስቱን ጠርጎታል።

ሐምሌ ፳፭፣ ሰኞ

ዳውድ ተመልሶ ወሬ ነገረኝ። ልጄ እጁ በደንገል ተቆራርጧል፣ ይተኛል፣ ይበላል። የዳውድ የአክስት ልጅ ጦይባ «ይህን ልጅ ማን አስርቦት ነው?» ብላለች አሉ። ሳቅሁ። ስስቅ አደይ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ።

የሺአረግም መጣች። ጌሾ ይዛ ነው የመጣች። ስትወጣ «ያ ሁለተኛው ሙሾሽ ይሻላል» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር።

አርባው ስላለፈ ከእንግዲህ መድገም ግዴታ የለብኝም። ግን ሰኞ ነው። ዳዊቱን ከፈትሁ። ያልሄደ፣ ያልቆመ፣ ያልተቀመጠ። ዛሬ ከዚያ አልፌ ወደ ቀጣዩ ደረስሁ፣ «ወይከውን ከመ ዕፅ እንተ ትክልት ኀበ ሙሓዘ ማይ።» በውሃ ፈሳሽ ዳር እንደ ተተከለች ዛፍ ይሆናል።

በወልደ ሐዋርያት ስም ነበር የምጀምረው፤ እሱን ለጌታው ሰጥቼዋለሁ። ዛሬ የደገምሁት በቆመው ልጄ ስም ነው።